ጠርዝ ላይ የቆመችው ልጄ፦ ከሚዛን ቴፒ ደርሶ መልስ

የእቁብ ጓደኞቼ «ለመሆኑ ቴፒ እንዴት ነው?» እያሉ በየተራ ሱቄ ብቅ ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። ጠያቂው ሁሉ አንድ አንድ ጣሳ ኮረሪማ ቢገዛ ባልከፋኝ። እነሱ ግን ወሬውን ሰምተው፣ የጥምዝ ቅመሜን አሽትተው፣ «በይ ደህና ዋይ» ብለው ውልቅ ነው። አንዱን ነገር ለስንቱ ላውራ? አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። ሚዛን ተፈሪ ተወልዶ፣ ሚዛን ነግዶ፣ ቴፒን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሞልቷል። ይህን ሲያነብ ጭቃው ሳይነካው ደርሶ እንደመጣ ይቁጠረው።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ ልጄን ይዤ ልመለስ ነው። ቤዛ ትባላለች፣ አንዲት ልጄ ናት። እዚሁ ደጃችን የዩኒቨርሲቲ ግቢ እያለ ምደባው ቴፒ ጥሏት ኮምፒውተር ትማራለች። አባቷ የማጂ መስመር ላይ የጭነት መኪና ያሽከረክራል። ለእሱ ልጅም ሞተርም አንድ ነው፤ እስካልተበላሸ አይከፍተውም። ስለዚህ የልጅቷ ነገር የኔ ነው። ዘንድሮ ከግቢ ወጥታ ቤት ተከራየች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳ እየሳሳ ሄደ። ስትደውልም «እትዬ ወርቄ እንዲህ አለች፣ እትዬ ወርቄ ይህን ሠራችልን» ነው። እትዬ ወርቄ ማለት አከራይዋ ናት። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዋናው መጣ።

«እማዬ፣ ክረምቱን እዚሁ ብቆይ ምን ይመስልሻል?»

«የት?»

«እትዬ ወርቄ ጋ። ልምምድ አለብን።»

«የምን ልምምድ?»

«የአይዶል።»

ስልኩን ዘጋሁና አንድ ባልዲ ማር ገዛሁ። ሰው ቤት ለጠብም ቢሆን ባዶ እጅ አይኬድም።

ሐሙስ

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ «ቴፒ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ሳይ አልዋሸም፤ አንድ ሰው ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ መምህር ነው። እኔ ሁለተኛ ሆንኩና ቀሪውን እየጠበቅን ረፋድ አደረግነው። ማሩን እግሬ ሥር፣ አንድ ፌስታል ኮረሪማ ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ።

ሚዛን ወደ ኋላ ስትቀር መንገዱ ወደ ሸኮ ይወጣል። ጫካው በሁለቱም በኩል ተጠግቶ ይመጣል፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናው። የኛም አገር ቡና ያው ጥላ ሥር ነው። ዛሬም የኛ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ግን በዚያ ቀን ዝናብ አጥቦት የነሱ ቅጠል ዘይት የተቀባ ይመስል ነበር። ደስ አላለኝም። ቅናቴን ከቤት ይዤው የወጣሁ አይመስለኝም፤ እዚያ አካባቢ ነው የተሳፈረው።

ሸኮ ከተማ ላይ ቆምን። አንዲት ሙዝ ሻጭ መስኮቱ ሥር መጥታ «እናቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው አልገዛኝም፣ ግዙኝ» እያለች ፊቷን ታጨማድዳለች።

«ለቅሶ ዕቃ አይሸጥም፣ እህቴ» አልኳት። «ሙዝሽን ገልብጪው። ያማረውን ሥር ደብቀሽ የጠቆረውን ታሳዪናለሽ።»

«ዛሬ ገበያው ሞቷል። ነገ ይሻላል።»

«ነገ የሚባል ደንበኛ አይቼ አላውቅም።»

ሳቀችና ሙዙን ገለበጠችው። መምህሩ ገዛ፣ ከኋላ ያሉትም ገዙ። እነዚህን ሁለት አባባሎች ሱቄ የገባ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቤዛ ባንኮኒው ሥር ተኝታ ያደገችባቸው ናቸው፤ ከእሹሩሩ በላይ እነሱን ሰምታለች።

ከሸኮ አለፍ እንዳልን ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። የሌሊቱ ዝናብ አንድ ግንድ መንገዱ ላይ ጥሏል። እኛ በሰላም ቆምን፤ የኔ ባልዲ ግን አልቆመም። ክዳኑ ተፈናጥሮ ማሩ በቀሚሴ ላይ፣ በመምህሩ ሱሪ ላይ፣ በረዳቱ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

«እናቴ፣ ማርዎ» አለ መምህሩ ሱሪውን እያየ።

«አየሁት፣ ልጄ። ንጹሕ ነው፣ ስኳር የለበትም።»

የአካባቢው ሰዎች መጥረቢያ ይዘው መጥተው ግንዱን እስኪቆርጡልን ጫካው ዳር ቆምን። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። ንቦቹ እኔን ብቻ መርጠው ከበቡኝ። መምህሩ ነጭ መሐረቡን ሰጠኝ፤ ስመልስለት መሐረብ አልነበረም። «ይቅርብኝ» አለ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው የቴፒ ልጅ ነኝ ሲለኝ እሱም ደስ አላለኝም።

ቴፒ ቆላ ናት፤ ከመኪና ስትወርዱ ሙቀቱ እንደ ዘመድ አንገታችሁን ያቅፋችኋል። ባጃጅ ያዝኩና እትዬ ወርቄ በር ላይ ስደርስ ከሾፌሩ ጋር ስለ ዋጋው ትንሽ ድምፅ ከፍ አድርገን ተነጋገርን። ገና ሳልጨርስ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴትዮ በሩን ከፍታ እየሳቀች ወጣች።

«አስካለ! ድምፅሽን ሰምቼ ነው የወጣሁት። ድምፅሽንማ አውቀዋለሁ።»

በሕይወቴ አናግሬያት አላውቅም። ቤዛ ስትደውል አጠገቧ ቁጭ ብላ ትሰማን ኖሯል አልኩ በሆዴ፤ ገና በር ላይ አንድ ጥፋት ያዝኩባት።

እትዬ ወርቄ የሸኮ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ የራሷ ዜማ አለው። ቡና እርሻ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ባሏ የለም፣ ልጅ አልወለደችም። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምላት። ወረቀት ላይ ግን «እሷ» ይበቃታል።

ቤዛ ሮጣ ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ተጣብቃ ቀረች፤ ከናፍቆትም ከማሩም። ማሩን ለማስረከብ ባልዲውን ሳነሳ ግማሹ የለም። እትዬ ወርቄ «ግማሹን ለብሰሽው መጣሽ» አለችና ሞቅ ያለ ውኃ አቀረበችልኝ፣ ቀሚሴን ከላዬ ወስዳ ዘፈዘፈች፣ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝ። ቢጫ ነው። ልክ ሆነኝ፤ ይህም አናደደኝ።

«እንዴት ያምርብሻል!» አለች ቤዛ። ለኔ ቀሚሶች እንዲህ ብላ አታውቅም።

እራቱ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ ከዚያ የዶሮ ወጥ ነበር። እኛ ቤት ጎደሬ የምንበላው ሌላ ሲጠፋ ነው። የሷ ግን አፍ ላይ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። እጄን እንዳልሰበስብ እያየች አጎረሰችኝ። ከዚያ ቤዛን አጎረሰቻት። እኔም ላጎርሳት ስዘረጋ የልጅቷ አፍ ሞልቷል። ጉርሻዬን ይዤ ጠበቅኩ። እንግዳ ሆኖ ጉርሻ ይዞ መጠበቅን ያላየ ሰው ቅናትን አላየም።

ዓርብ

ቤዛ ጠዋት ለፈተና ሄደች። እኔ ክፍሏን አየሁ። ግድግዳው በሥዕል ተሸፍኗል፤ ሁሉም ሴት ልጆች ናቸው፣ ዓይናቸው የስኒ ማስቀመጫ ያክላል፣ እግራቸው ቀጭን፣ ጸጉራቸው ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ከነሱ መሃል አምስቱን ቤዛ ራሷ ስላቸዋለች። የነሱ ጸጉር ሹሩባ ነው፤ ከኋላቸው የቡና ዛፍ አለ።

ያላወቃችሁ እንድታውቁ፦ ጃፓኖች ልጃገረዶችን አሰልፈው፣ አንድ ዓይነት አልብሰው፣ ለእያንዳንዷ ቀለም ሰጥተው ያዘፍናሉ። አይዶል ይሏቸዋል። ስለ እነዚህ ልጆች የሚሠራው የሥዕል ፊልም አኒሜ ነው፤ በመጽሐፍ ሲሆን ማንጋ ይባላል። ደጋፊያቸው እንደ ኳስ ደጋፊ ነው፤ አንዷን መርጦ በቀለሟ መብራት ያውለበልብላታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እትዬ ወርቄ ናት። የራሴን ልጅ ነገር ከባዕድ አፍ ተማርኩ።

አንዱን ማንጋ አነሳሁና ገለጥኩ። ልጆቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ቀጥሎ ሲጣሉ አየሁ። ቀጥሎ ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም።

«ከመጨረሻው ጀመርሽው» አለች እትዬ ወርቄ ከበሩ ላይ። «የነሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። እኔም ቤዛ እስክታሳየኝ ድረስ ሦስቱን ከሞቱ ወደ ልደቱ ነው ያነበብኩት።»

ወደ ገበያ ወጣን። ቴፒ የእርድ አገር ናት። እኔ የቅመም ሰው ነኝ፤ እርድ ጥፍሬ ውስጥ ነው ያረጀው። አንዱን ሰብሬ ውስጡን አየሁት፤ እንደ እንቁላል አስኳል ነው። ሚዛን እኔ የምሸጠው እንዲህ አይበራም። ሻጯን «ትንሽ እርጥበት አለው» አልኳት፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ። እትዬ ወርቄ ከሱ ገዛችና «የቤዛን ልብስ የነከርኩት በዚህ ነው» አለች። «ቀለሟ ቢጫ ነው። ነገ አዳራሹ ውስጥ ታይዋታለሽ።» ነገ ትርኢት መኖሩንም ያኔ ሰማሁ። ልጄ የምትለብሰውን ልብስ ሌላ ሴት ነከረችው፤ ያውም በኔ ሙያ፣ ያውም በተሻለ ዕቃ።

ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ቤዛ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችና ሦስታችን ቁጭ አልን። ፊልሙ ጃፓንኛ ነው የሚያወራው፤ ከሥር እንግሊዝኛ ይጻፋል። እትዬ ወርቄ ሁለቱንም አታውቅም፤ ቤዛ ናት እየተረጎመች የምታወራው። ድሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ወንዱንም ሴቱንም ፈረሱንም ሆኖ የህንድ ፊልም እንደሚተረጉመው ማለት ነው። ልጄ ባለ ሐምራዊ ጸጉሯን ስትሆን ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ባለ አረንጓዴዋን ስትሆን ታፍራለች። እንዲህ መሆን እንደምትችል አላውቅም ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ግን ታውቃለች፤ ገና ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ይቺ ትስቃለች።

ታሪኩ ከባሕር ዳር መንደር የወጣች ልጅ ታሪክ ነው። እናቷ ዓሣ ትሸጣለች። ልጅቷ ትልቁ ከተማ ሄዳ አይዶል ሆነች፤ ግን መሃል አይደለም፣ ጠርዝ ላይ ናት የምትቆመው። አንዲት ጥቁር ኮት የለበሰች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች የልጆቹ ሥራ አስኪያጅ እጇን አጣምራ ብቅ ስትል ቤዛ ቶሎ አሳለፈችው።

«ምነው አስኪያጇን ዘለልሻት?» አለች እትዬ ወርቄ። «እኔ እሷን እንደምወድ እያወቅሽ።»

«አይተነዋል እኮ፣ እማ።»

*እማ።* እኔ እማዬ ነኝ፣ እሷ እማ። አጠር አድርጋ፣ ለየቀኑ እንዲመች።

የደጋፊ ሥርዓቱንም ያኔ እትዬ ወርቄ ነገረችኝ። «ሁሉም ከቦታው ሆኖ ነው መብራቱን የሚያውለበልበው። ወደ መድረክ አይወጣም። አይዶል አይነካም፤ ከሩቅ ነው የሚወደደው።»

«የወለዳትስ?» አልኩ።

«የወለዳትም» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ቅዳሜ

አዳራሹ በተማሪና በወላጅ ሞልቷል። ሚዛን ላለው አዳራሽ ቢሰጡን የምለው ማራገቢያ ጣሪያው ላይ አለ፤ ደስ ያለኝ፣ አይሠራም። እትዬ ወርቄ የስልኬን መብራት በቢጫ ፌስታል ቁራጭ ሸፈነችልኝ፣ በላስቲክ አሰረችው። ዙሪያውን ሳይ ሁሉም እንዲያ አድርጓል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። ቢጫው ጥቂት ነው። እኔ፣ እሷ፣ አልፎ አልፎ ሌላ።

ሙዚቃው ተነሳና አምስት ልጆች ሮጠው ወጡ። ቤዛ በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ናት፣ ደረጃው አጠገብ።

«መሃል የቆመችው ማን ናት?»

«ሄለን።»

«ምን ስላላት ነው መሃል የቆመችው?»

«ቁመት።»

«የኔ ልጅ ጠርዝ ላይ የቀረችው ማን ስላልተናገረላት ነው?»

እትዬ ወርቄ መብራቷን ሳታቆም «መሃል ያለችውን ዕውርም ያያታል፣ አስካለ» አለችኝ። «ሰው የሚያስፈልጋት ጠርዝ ላይ ላለችው ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ጠርዝ ጠርዙን ነው ያየሁት።»

ልጆቹ በጃፓንኛ ይዘፍናሉ፣ እጃቸው አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። ቤዛ አንድም አልሳተችም። ደጋፊው በየስሟ ይጠራል። እትዬ ወርቄ «ቤ-ዛ!» የሚባልበትን ቦታ ታውቃለች፤ እኔ ስል ዘፈኑ አልፏል። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ቀደምኩ። ከፊቴ ያለው ተማሪ ዞሮ አየኝ። ስም ያወጣሁላት እኔ፣ ስሟን በሰዓቱ መጥራት የማልችል እኔ።

ከዚያ በኋላ እግሬ ነው የወሰነው። ከጡቴ ሥር የብር ኖት አወጣሁ፣ በሰው መሃል ሰንጥቄ ወጣሁ፣ ደረጃውን ወጣሁና ልጄ ግንባር ላይ ለጠፍኩት። ሰርግ ላይ እንደምናደርገው። በምራቅ ማርጠብ አላስፈለገኝም፤ የቴፒ ሙቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ዞሬ አዳራሹን አየሁት። የማን ልጅ እንደሆነች ሁሉም ይወቅ።

አወቁ። ችግሩ እኔ ብቻዬን አለመሆኔ ነው። አንድ እናት ስትሸልም ሌላው ቁጭ ብሎ የሚያይበት አገር አይደለንም። የሄለን አባት ወዲያው ተነሳ። ከሱ ኋላ አክስት ተነሳች፣ እልልታ ቀለጠ፣ አንድ ሽማግሌ እስክስታ ጀመሩ። ተማሪዎቹ «አትንኩ! ቁጭ በሉ!» ይላሉ፤ ማን ይሰማል? መሃል ያለችው ሄለን ብሩ ሲበዛባት ቆመች፣ ከሷ ኋላ ያለችው መጥታ ገጨቻት፣ ሌላዋ መሳቅ ጀመረች። አይዶሉ ሰርግ ሆነ።

ቤዛ ብቻ አላቆመችም። ኖቱ አንድ ዓይኗን ሸፍኖታል፤ እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ አላነሳችውም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠርዟ ላይ ሆና ብቻዋን ጨረሰችው፤ ሲያልቅም እንደ ጃፓኖቹ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ያኔ ብሩ ወደቀ። አላነሳችውም። ያነሳችው እትዬ ወርቄ ናት፤ አጥፋ መዳፌ ውስጥ አደረገችልኝ።

«ወድቆብሽ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ቤት ገባን። እራት ላይ ቤዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ሰርግ መሰለሽ?»

«ልጄ ነሽ፤ አልሸልምሽም?»

«ሰዉ እኔን እያየኝ ነበር። አንቺ ሰዉ አንቺን እንዲያይ ነው የወጣሽው።»

መልስ አፌ ላይ ነበር፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን እትዬ ወርቄ ቀደመችኝ።

«ተያት፣ ቤዛ። እናት ናት። እናት ከሩቅ መውደድ አልተማረችም።»

ስድብ እችላለሁ። ልጄን የወሰደችብኝ ሴት ጠበቃ ሆና ስትቆምልኝ ግን የያዝኩትን ጎደሬ ሰሃኑ ላይ መለስኩት።

እሁድ

እትዬ ወርቄ ጸሎት ቤት ደርሳ ስትመለስ እኔ ኮረሪማ የመጣበትን ፌስታል ሳይቀር አጣጥፌ ተዘጋጅቻለሁ። ቀሚሴ ታጥቦ ገመድ ላይ ነው፤ በዚያ ዝናብ አልደረቀም። ቤዛ ሻይ እያቀረበች ነበር። የመጣሁበትን ጠየቅኩ።

«ትመጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ልጅቷ እትዬ ወርቄን አየቻት። እትዬ ወርቄ ነጠላዋን እያወለቀች «መጀመሪያ አንድ ክፍል እንይ» አለች። «አስኪያጇ ያለችበትን።»

«እትዬ፣ ተይ በናትሽ» አለች ቤዛ። እማ መሆኗ ቀርቶ እትዬ ሆነች፤ ከድንጋጤ የተነሳ ነው።

«ለምን እተዋለሁ? እንግዳዋም ትስማት እንጂ። መንገደኛ ናት።»

ቤዛ ፊቷ እየቀላ ፍላሹን ሰካች። ባለ አረንጓዴ ጸጉሯ ልጅ መድረክ ላይ ወድቃ ትርኢቱ ተበላሽቷል። አምስቱም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። በሩ ተከፈተ፤ ጥቁር ኮት፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ መነጽር፣ እጅ ወገብ ላይ። ቤዛ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ ድምፅዋን አወፈረችው፣ ትንሽም በአፍንጫዋ አደረገችው።

«ምንድነው ይሄ? ለቅሶ ዕቃ አይሸጥም! ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ያማረውን ሥር ደብቀሽ የጠቆረውን ለማን ነው የምታሳዪው? ነገ ደግሞ ነገ ትዪኛለሽ፤ ነገ የሚባል ደንበኛ አይቼ አላውቅም!»

ሻዬን አስቀመጥኩ። ዞር ስል የእትዬ ወርቄ ከንፈር ከቤዛ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል በቃል፣ እንደ መዝሙር። ከዚያ ከትራሷ ሥር ሌላ አሮጌ ስልክ አወጣች። መብራቱ በቀይ ፌስታል ታስሯል፤ የበሰለ ኮረሪማ የመሰለ ቀይ። አብርታ ለአስኪያጇ አውለበለበችላት።

«ለሷ ቀለም አልሰጧትም» አለችኝ። «ዘፋኝ አይደለችማ። እኔ ሰጠኋት።»

«ጃፓኗ የምር እንዲህ ነው የምትለው?» አልኩ።

«ከሥር የተጻፈው ‹አታልቅሱ› ነው የሚለው» አለች ቤዛ፣ አሁንም ሳታየኝ። «ሌላውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እንደዚያ ያለ ፊት ያላት ሴት ሌላ ምን ልትል ትችላለች?»

እትዬ ወርቄ መብራቱን አጠፋች። «እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ ልብስ እሰፋለሁ፣ እነክራለሁ። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ግን የምትወጪው አንቺ ነሽ። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ቤት ያወራሽው አንቺ ነሽ፣ አስካለ። በድምፅ ያወቅኩሽ በምን መሰለሽ? አልቀናሁም አልልሽም። ቀንቻለሁ።»

ነጋዴ የደስታ ፊት አያሳይም፤ ዋጋ ይጨምርበታል። ስለዚህ ሻዬን አንስቼ ቀዝቅዟል አልኩ። ቤዛ በሌላ ቀየረችልኝ። ያንን ጠጥቼ ስጨርስ ነው የተናገርኩት።

«ክረምቱን ቆይ። ለእንቁጣጣሽ ግን ሚዛን ነሽ።»

«እሺ፣ እማዬ።» ትንሽ ቆይታ፣ «ከእትዬ ጋር?»

«ካልቀረ» አልኩ።

መናኸሪያ ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። የማሩ ቀሚሴ እርጥብ ስለነበር እዚያው ቀረ፤ ቢጫውን ለብሼ ሄድኩ። እትዬ ወርቄ ጎደሬና ዳጣ በዕቃ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ ከሥሩ ያንን እንደ አስኳል የሚበራ እርድ አድርጋለች። መንገድ ላይ ግንድ አልወደቀም፣ የፈሰሰ ነገር የለም። ሸኮ ላይ ሙዝ ሻጯ አወቀችኝ። ሙዟ ተገልብጧል።

ይኸው አሁን ሐምሌ ነው። እርዱን ሱቅ ውስጥ ከኔው ጎን አስቀምጬዋለሁ፤ ደንበኛ ሁሉ እሱን ይመርጣል፤ አሁንም ያናድደኛል። ልጄም ቴፒ ናት፣ ጠዋት የሷን ፊት የምታየው ሌላ ሴት ናት፤ ይህ አልለቀቀኝም፣ ይለቀኛል ብዬም አልጠብቅም። ግን አዲስ ክፍል ባዩ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ቤዛ ናት። «እማዬ፣ አስኪያጇ ክፍሉ ውስጥ ገብታለች፤ ልጆቹ አርፍደዋል። ምን ትበላቸው?»

ፊልሙን አቁመው ይጠብቁኛል። እትዬ ወርቄ ስልኩን ትቀማታለች። «ቶሎ በይ እንጂ፣ አስካለ! አፏን ከፍታ ቀረች እኮ! ምን አለች?»

እኔ ሚዛን ላይ ያለውን ኮረሪማ መዝኜ፣ ቋጥሬ፣ ደንበኛዬን ሸኝቼ፣ እጄን አራግፌ ነው የምመልስላት። ትጠብቅ። እኔ ዓመት ጠብቄያለሁ።